ሄልሜትን ከቆመ ሞተር ጋር በትንሽ ወጪ ማሰር

ሞተር አቁሞ ሄልሜቱን ስፖኪዮ ላይ ሰክቶ መሄድ ለአላፊ አግዳሚው ትቶ እንደ መሄድ ነው። ለማንሳት ምንም መሣሪያ አይጠይቅም። ጉዳቱ ስርቆት ብቻም አይደለም፤ የስፖኪዮው ጫፍ በሄልሜቱ ውስጥ ያለውን ጠንካራ ፎም አንድ ቦታ ላይ እየተጫነ ያጎደጉደዋል፣ በአደጋ ጊዜ ምቱን ተቀብሎ የሚያበርደው ደግሞ ይኸው ፎም ነው። ነፋስ ሲመታው ወይም ሰው ሲነካው ይወድቃል። ይህን ሁሉ ለማስቀረት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ሜትር የብረት ገመድና አንድ ጓጉንቸር፣ አንዳንዴም ሞተሩ ራሱ ይዞት የመጣው ነገር ይበቃል።

ርካሽ ማሰሪያ ምን ያህል እንደሚያዋጣ አስቀድሞ ማወቅ ጥሩ ነው። ባዶ እጁን የመጣን ሰው ያቆማል። በትክክል ከታሰረ ቢላዋና መቀስ የያዘውንም ያቆማል። ተራ ፒንሳ የያዘውን ያደክማል፤ የገመዱን ክሮች ጥቂት በጥቂት እየነከሰ ሰው ፊት መቆም አለበት። የብረት ገመድ መቁረጫ ይዞ የመጣውን ግን 5 ሚሊ ሜትር ገመድ ከጥቂት ሰከንድ በላይ አያቆየውም። ስለዚህ ወፍራም ገመድ ፍለጋ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ገመዱ በየት በኩል እንደሚያልፍ ማስተካከል ይቀድማል።

የሚታሰረው ሄልሜቱ እንጂ የአገጭ ማሰሪያው አይደለም

ብዙ ሰው ገመዱን የሚያሳልፈው በአገጭ ማሰሪያው በኩል ነው። ማሰሪያው ግን የተሸመነ ጨርቅ ነው። በአደጋ ጊዜ ሄልሜቱ ከራስ ላይ እንዳይወልቅ ተብሎ የተሠራ ስለሆነ ሲስቡት አይበጠስም፤ ስለት ግን አይችልም። የተሳለ ቢላዋ በአንድ ጊዜ ይበጥሰዋል። ማሰሪያው የተቆረጠ ሄልሜት ለማንም የማይጠቅም መሆኑ ሌባውን አይመልሰውም፤ ቆርጦ ይሄዳል።

ሙሉ ፊት የሚሸፍን ሄልሜት ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። መስታወቱን ከፍተው የገመዱን ጫፍ በፊት ለፊቱ ክፍተት ያስገቡና በአንገት በኩል ወደ ታች ያውጡት። ገመዱ አሁን የአገጩን መከለያ ዙሪያውን ይዞታል፤ ለማስለቀቅ ወይ ገመዱ ወይ የሄልሜቱ ቅርፊት ራሱ መቆረጥ አለበት። አገጩ ወደ ላይ የሚከፈት ሄልሜትም በዚሁ መንገድ ይታሰራል። መከለያው ቢከፈት እንኳ በሁለቱም ጎን ከቅርፊቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ገመዱ አያመልጥም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ መስታወቱን ገመዱ ላይ በግድ አይዝጉ። መስታወቱ ይጫራል፣ የጠርዙ ጎማም ይጎዳና በኋላ ዝናብና ነፋስ ያስገባል። በገመዱ ውፍረት ልክ ከፍቶ መተው ይሻላል።

ፊቱ ክፍት የሆነ ሄልሜት ግን የአገጭ መከለያ ስለሌለው በማሰሪያው በኩል ከማሰር ሌላ ምርጫ የለም። ማሰሪያው ጫፍ ላይ የዲ ቅርጽ ያላቸው ሁለት የብረት ቀለበቶች ካሉ ገመዱ በሁለቱም ውስጥ ይለፍ። ለቢላዋ ያው የተጋለጠ ነው፤ ለረጅም ሰዓት የሚቆሙ ከሆነ እንዲህ ያለውን ሄልሜት ይዞ መግባት ወይም የሚቆለፍ ሣጥን ውስጥ ማስገባት ይመረጣል።

ቀጭ ብሎ የሚገጥም ዘለበት ያላቸው ሄልሜቶች ላይ የሚፈጠር ስህተት አለ፣ በጣም የተለመደ ነው። ባለቤቱ ዘለበቱን ይገጥምና ገመዱን በተፈጠረው ቀለበት ውስጥ ያሳልፋል። የታሰረ ይመስላል። ነገር ግን ዘለበቱን ተጭኖ ወይም ስቦ መክፈት ለማንም ቀላል ነው፤ ማሰሪያው ሲከፈት ገመዱ ባዶውን ይቀራል። አንዳንድ ሄልሜቶች ለዚሁ ተብሎ ማሰሪያው ላይ የተሰፋ ትንሽ የብረት ቀለበት አላቸው። እሱ ከሌለ ገመዱ በአገጭ መከለያው በኩል መሄድ አለበት፣ ሌላ መንገድ የለም።

ከሞተሩ ጋር የመጣውን ይፈልጉ

ምንም ከመግዛትዎ በፊት የሞተሩን መቀመጫ ያንሡ። ብዙ ሞተሮች ከመቀመጫው ሥር በግራና በቀኝ ትንንሽ የብረት ወይም የፕላስቲክ መንጠቆዎች አሏቸው። የዲ ቀለበቱን መንጠቆው ላይ አስገብተው መቀመጫውን ሲዘጉ ሄልሜቱ በጎን ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ መቀመጫው ሳይከፈትም አይወጣም። በሌሎች ሞተሮች ላይ ደግሞ በኋላ በኩል ጎን ላይ በሞተሩ ቁልፍ የሚከፈት የሄልሜት መቆለፊያ አለ። የመመሪያ መጽሐፉ ቦታውን ያሳያል።

መንጠቆው ብቻውን የሚይዘው የማሰሪያውን ቀለበት ነው፣ የማሰሪያው ድክመት ደግሞ ቢላዋ ነው። ከመንጠቆው ጋር አጭር የብረት ገመድ ሲጨመርበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ሁለቱም ጫፉ ላይ ቀለበት ያለው፣ ከ40 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገመድ በአገጭ መከለያው ውስጥ ያሳልፉ፣ ሁለቱን ጫፎች መንጠቆው ላይ ይደርድሩ፣ መቀመጫውን ይዝጉ። ጓጉንቸር አላስፈለገም፤ የመቀመጫው ቁልፍ ሥራውን ሠርቷል። ከሁሉም መንገድ ይህን እናስቀድማለን፣ ምክንያቱም የሚረሳ ተጨማሪ ቁልፍ የለውም፣ ገመዱም ከመቀመጫው ሥር ይቀመጣል።

መንጠቆ የሌለው ሞተር ላይ ደግሞ ገመዱን በመቀመጫው ሥር ባለው የሻንሲ ብረት ዙሪያ ማሳለፍ ይቻላል። አንዱን ጫፍ በብረቱ ዙሪያ አዙረው በራሱ ቀለበት ውስጥ ያስገቡና ይሳቡት፤ ሌላው ጫፍ ከመቀመጫው ጠርዝ ሥር ወደ ውጭ ይውጣ፣ ከሄልሜቱ ጋር የሚያያዘው ጓጉንቸር ብቻ ነው። ሁለት ነገር ያስተውሉ። ገመዱ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እንዳይጫን መንገዱን በእጅ እየዳሰሱ ይምረጡ። መቀመጫው ከተዘጋ በኋላም በሁለት እጅ ወደ ላይ ስበው ይሞክሩት፤ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ የሆነ ገመድ በአንዳንድ ሞተር ላይ መቀመጫው በደንብ እንዳይገጥም ያደርጋል፣ የተዘጋ እየመሰለም ክፍት ይሆናል።

አንድ ጓጉንቸር ብቻ

ከሁሉም ርካሹ አማራጭ አንገቱ ረጅም የሆነ ጓጉንቸር ነው። የዲ ቀለበቶቹንና የኋላ መያዣውን ብረት አንድ ላይ ይዞ ይቆለፋል። ጉድለቱ ሄልሜቱ ከሞተሩ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር በነፋስ እየተወዛወዘ ቀለሙ መፋቁ ነው፣ ለቢላዋም የተጋለጠ ነው። ለአጭር ጊዜ ይሆናል፤ በመካከል ጨርቅ ያድርጉ።

ገመዱን በራስ መሥራት

ተዘጋጅቶ የሚሸጥ፣ ሁለት ጫፉ ቀለበት ያለው የተሸፈነ ገመድ ካገኙ ጥሩ ነው። የቆየ የብስክሌት ኬብል ቁልፍም ያገለግላል። እየተጠቀለለ ወደ ትንሽ ሣጥን የሚገባው ቀጭን ገመድ ግን ሁለት ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ በመሆኑ በተራ ፒንሳ ይቆረጣል። የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመድም እንዲሁ።

በራስ ለመሥራት 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ዚንክ የተቀባ፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ የብረት ገመድ ይምረጡ። ክሮቹ በበዙ ቁጥር ገመዱ በቀላሉ ይታጠፋል፤ ጥቂት ወፋፍራም ክር ያለው እንደ ሞላ እየተወጠረ ለማስገባት ያስቸግራል። ሲጠናቀቅ አንድ ሜትር እንዲሆን 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ፤ እያንዳንዱ ጫፍ ላይ ያለው ቀለበት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወስዳል። ጃኬትም አብሮ እንዲታሰር ከፈለጉ ግማሽ ሜትር ይጨምሩ። ከዚህ በላይ ማስረዘም ይጎዳል፤ ገመዱ መሬት ከደረሰ ሌባው ጓጉንቸሩን ድንጋይ ላይ አስቀምጦ በመዶሻ መምታት ይችላል።

ከመቁረጥዎ በፊት የሚቆረጠውን ቦታ በናስትሮ አጥብቀው ይጠቅልሉና መሐሉን ይቁረጡ። ናስትሮ ሳይደረግበት የተቆረጠ ገመድ ጫፉ ይበተናል፣ ከዚያ በኋላ በማያያዣው ቀዳዳ ማስገባት ትልቅ ጣጣ ነው። ቀጥሎ መሸፈኛው ይገባል፦ 6 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው የፕላስቲክ ቱቦ ወይም በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ። ሁለተኛውን ቀለበት ከሠሩ በኋላ ቱቦ ማስገባት አይቻልምና ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ።

ቀለበቱን የሚይዘው ለ4 ሚሊ ሜትር ገመድ የተሠራ፣ ሁለት ቀዳዳ ያለው የአልሙኒየም ማያያዣ ነው። የገመዱን ጫፍ በአንዱ ቀዳዳ ያስገቡ፣ አጥፈው በሌላው ይመልሱት፣ ጫፉ ከማያያዣው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ወጥቶ ይታይ፤ አልሙኒየሙ ሲጨመቅ ስለሚረዝም ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር ነው። በማያያዣ መጭመቂያ በሦስት ቦታ ይጭመቁት። በመዶሻ ቀጥቅጦ ማጣበቅ አይሆንም፤ አልሙኒየሙ ይሰነጠቃል ወይም ይላላል፣ ሲስቡትም ገመዱ ይሾልካል። መጭመቂያ ከሌለዎት ገመዱን ወደሚጨምቁልዎት የብረት ገመድ ሻጮች መውሰድ ይቀላል።

በዳዶ የሚጠብቅ የገመድ ማያያዣም አለ፣ ለእያንዳንዱ ቀለበት ሁለት ያስፈልጋል። የታጠፈው ብሎን የሚያርፈው በተቆረጠው አጭር ጫፍ ላይ ነው፣ ኮርቻው (ብሎኑ የሚገባበት ጎድጓዳ ብረት) በረጅሙ ገመድ ላይ። ከተገለበጠ ብሎኑ ጭነት የሚሸከመውን ገመድ ይነክሰዋል። ችግሩ ዳዶውን ትንሽ መፍቻ ያለው ሁሉ ሊፈታው መቻሉ ነው። ካጠበቁ በኋላ የብሎኑን ጫፍ በመዶሻ ጥቂት በማበጥ ዳዶው እንዳይወጣ ማድረግ ይቻላል።

የቀለበቱ ውስጥ ስፋት የጓጉንቸሩን አንገት በቀላሉ ያስገባ፣ ነገር ግን በጣም አይስፋ። በዲ ቀለበት ለሚያስሩ ሰዎች ማያያዣው በዚያ ጠባብ ቀዳዳ ማለፍ አለማለፉን ከመጭመቅ በፊት መለካት ግድ ነው። ሲያልቅ ገመዱን ቋሚ ብረት ላይ አዙረው በሙሉ ክብደትዎ ይሳቡት። ጫፉ በአንድ ሚሊ ሜትር እንኳ ከተንሸራተተ እንደገና ይሠራል።

የት ይታሰር?

የሻንሲው ብረት፣ በወፍራም ብሎን የታሰረ የኋላ መያዣ፣ የዕቃ መጫኛ። እነዚህ ዝግ ናቸው፣ ገመዱ በጫፋቸው ሾልኮ አይወጣም። መሪው ላይ የሚያስሩ ሰዎች ገመዱ በእጀታው በኩል ተንሸራቶ እንደሚወጣ አያስተውሉም። የፍሬን ቱቦ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ ፍሬቻ፣ ፕላስቲክ መከለያ አይነኩ፤ ሌባው ሲስብ የሚሰበረው እነሱ ናቸው፣ የፍሬን ቱቦ ከተጎዳ ደግሞ ጉዳዩ ከሄልሜት ያልፋል። በቸርኬው በኩል ማሰር ጠንካራ ነው፣ ከረሱት ግን አደገኛ ነው። ሞተሩን በሰንሰለት የሚያስሩ ከሆነ ሰንሰለቱን በአገጭ መከለያው አሳልፎ አብሮ መቆለፍ ሁሉንም በአንድ ያጠናቅቃል፤ ሰንሰለቱ ቅርፊቱን እንዳይፍቅ በአሮጌ ካላማዳሪ ይሸፈን።

ጓጉንቸሩ 30 ወይም 40 ሚሊ ሜትር የነሐስ አካል ያለው ቢሆን ዝናብ አያዝገውም። በቁጥር የሚከፈት ከመረጡ አራት ቁጥር ያለውን ይውሰዱ። ሦስት ቁጥር 1,000 አማራጭ ብቻ ነው ያለው፤ በሁለት ሰከንድ አንድ የሚሞክር ሰው ሁሉንም ከ35 ደቂቃ ባልበለጠ ጊዜ ይጨርሳል። ሲቆልፉም አንዱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ሁሉንም ያዛቡ።

ሄልሜቱ የሚንጠለጠለው ከማርሚታው በተቃራኒ ጎን ነው። የጋለ ማርሚታ የፕላስቲክ ቅርፊትን ያቀልጣል፣ ፎሙንም ያበላሻል። አፉ ወደ ታች ይሁን፤ ወደ ላይ የተከፈተ ሄልሜት ዝናብ ያጠራቅማል። ወፍራም ጥቁር ፌስታል ቢያጠልቁበት ከዝናብም ከዓይንም ይከልላል። ቤንዚን ፎሙን ያሟሟዋልና በነዳጅ ታንከሩ ላይ ማስቀመጥም ልማድ መሆን የለበትም። ጆሮ ላይ የሚገጠም የመነጋገሪያ መሣሪያ ካለ ይንቀሉና ይዘው ይግቡ።

ሄልሜት ተንጠልጥሎ አይነዳም፣ ተሳፋሪው ያወለቀውም ቢሆን። መንጠቆው ለቆመ ሞተር ብቻ ነው፤ በጉዞ ላይ ሄልሜቱ ወይም ገመዱ ከኋላ ጎማው ጋር ሊጠላለፍ ይችላል። በተለይ ገመዱ በጎማው በኩል ካለፈ እንዳይረሱት ደማቅ ቀለም ያለው ክር ከፍሬን መያዣው ላይ ያስሩ፤ እጅ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው።

ሲመለሱ ከማጥለቅዎ በፊት ውስጡን ይመልከቱ፣ ነፍሳት ይገቡበታል። ማሰሪያውንም በጣት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዳስሱ። ስለት የነካው፣ ጠርዙ የተላጨ ወይም ክሩ የወጣ ማሰሪያ አይሰፋም፣ አይቋጠርም። አምራቹ የሚቀየር ማሰሪያ ካላቀረበ ሄልሜቱ ይቀየራል።