ለኮዲንግ ክፍል ያን ሁሉ ብር ከመክፈላችሁ በፊት

ኮየ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ ወይም ሌላ የአዲስ አበባ ዳር ሰፈር ሆናችሁ ኮዲንግ፣ ማለትም የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ፣ ለመማር ያሰባችሁ፣ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ለልጆቻችሁ የምትከፍሉ ወላጆችም አብራችሁ አንብቡት። ክፍል ገብቶ ሶፍትዌር ለመማር የሚጠየቀው በአስር ሺዎች የሚቆጠር ብር ያዋጣል ወይ? የሚያዋጣው የጻፋችሁትን ኮድ ቁጭ ብሎ አንብቦ የሚያርማችሁ ሰው ካለ ብቻ ነው። ለገለጻው፣ ለስላይዱና ለሰርተፊኬቱ ከሆነ አያዋጣም። ገለጻው ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ፣ ያውም ከብዙዎቹ ክፍሎች በተሻለ ጥራት።

ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ቢሻሻልም አብዛኛው ተፈታኝ አሁንም ያን ነጥብ አያመጣም። ቤተሰብ ደግሞ ልጁ ስራ ፈትቶ ሲቀመጥ ማየት አይችልም። የእኛ ብሎክ ጎረቤት የሆኑ እናት እቁብ ሊወጣላቸው ሲል "ልጄ፣ ይሄ ኮዲንግ የሚሉት እውነት እንጀራ ይሆናል?" ብለው ጠየቁኝ። "ይሆናል እማማ፣ ግን ብሩን ዛሬ አይስጧቸው፣ መጀመሪያ ልጁ በነጻ ይሞክረው" አልኳቸው።

ሙከራው ሁለት ወር ይሁን። አንድ ነጻ ኮርስ ብቻ ምረጡ፣ ከአንዱ ወደ አንዱ መዝለል ጊዜ ከመብላት በቀር ጥቅም የለውም። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ የሆነው ሲኤስ50 ከባድ ነው፣ ግን አስተሳሰቡን ከስሩ ያስይዛል፤ ቪዲዮዎቹን አውርዶ ማስቀመጥ ስለሚቻል በሌሊት ጥቅል አውርዳችሁ በቀን ታያላችሁ። ድረ ገጽ መስራት የሚያስተምረው ኦዲን ፕሮጀክት አብዛኛው ጽሑፍ ነው፣ ስለዚህ ዳታ ለሚቆጥብ ሰው የመጀመሪያ ምርጫዬ እሱ ነው። ፍሪኮድካምፕ ምንም ሳትጭኑ ብራውዘር ላይ ያስጀምራችኋል። በሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራምም የፕሮግራሚንግ መሰረታዊ ኮርስ በነጻ ይሰጣል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ መጀመሪያ ሀሳቡን በአማርኛ ዩቲዩብ ላይ ተረዱት። ግን እዚያው አትቅሩ፣ ኮምፒውተሩ ስህተታችሁን የሚነግራችሁ በእንግሊዝኛ ነው።

በሁለቱ ወር ውስጥ ትንሽም ብትሆን አንድ የምትሰራ ነገር ስሩ። የሰፈር ሱቅ የዱቤ መዝገብ ወይም የብሎካችሁ የጥበቃና የጽዳት መዋጮ መመዝገቢያ ይበቃል። ኮዳችሁን ሌላ ሰው እንዲያየው ኢንተርኔት ላይ በሚያስቀምጠው ጊትሃብ ላይ አስቀምጡት። እዚህ ላይ ራሳችሁን የምትመዝኑት ትምህርቱ ምን ያህል እንደገባችሁ በማየት አይደለም፣ ኮዱ አልሰራ ሲል በማግስቱ ተመልሳችሁ መቀመጣችሁን ነው የምታዩት። ከተመለሳችሁ ለዚህ ስራ ትሆናላችሁ። ካልተመለሳችሁ ግን ምክንያቱን በደንብ አስቡበት፤ ለአንዳንድ ሰው እውነትም ብቻውን መሆኑ ነው የሚከብደው፣ የተቆረጠ ሰዓትና አብሮት የሚለፋ ሰው ሲያገኝ ይቀጥላል። ስራውን ራሱን ካልወደዳችሁት ግን ክፍያ አያስወድድም።

ላፕቶፕ ከሌላችሁ የሚከፈልበትን ክፍል ለጊዜው እርሱት። ብሩ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ላፕቶፕ ይቅደም። ያገለገለ ይሁን፣ 8 ጊጋ ራምና ኤስኤስዲ (ፈጣኑ የፋይል ማስቀመጫ) ያለው ከሆነ ለጀማሪ በቂ ነው። ባትሪውን ሳትፈትሹ አትግዙ። መብራት እንደልብ በማይገኝበት ሰፈር ባትሪው ሞቶ ሁሌ ሶኬት የሚፈልግ ላፕቶፕ ያስለቅሳል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበውን ሂሳብ እንስራ። ጥሩ የሚባሉት ክፍሎች በአብዛኛው መሃል ከተማ ናቸው። ጠዋት ከኮየ ፈጬ ተነስቶ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ለመድረስ፣ የታክሲ ሰልፉን ጨምሮ፣ ሁለት ሰዓት ሊሄድ ይችላል። ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከሆነ 12 ሰዓት፣ ኮርሱ 25 ሳምንት ከፈጀ 300 ሰዓት መንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ፍሪኮድካምፕ የድረ ገጽ ዲዛይን ሰርተፊኬቱን ሲያዘጋጅ 300 ሰዓት ገደማ ይፈጃል ብሎ ነው። በመንገድ የሚያልቀው ሰዓት ብቻውን አንድ ሙሉ ኮርስ ያስጨርሳል! ስለዚህ የዳር ሰፈር ሰው ክፍያውን ብቻ ሳይሆን የታክሲውን ብር፣ የምሳውንና ይሄን ሰዓት አንድ ላይ ደምሮ ነው ማየት ያለበት። የማታ ክፍል ከሆነ ስንት ሰዓት እንደሚለቁ ጠይቁ። ማታ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ታክሲ ፍለጋ መቆም ለማንም ጥሩ አይደለም፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ስጋቱ እጥፍ ነው።

ይሄን ሁሉ አይታችሁ አሁንም ክፍል እፈልጋለሁ ካላችሁ፣ በአካል ሂዱና ፊት ለፊት ጠይቁ። የሚያስተምረኝ ማነው? ማስታወቂያው ላይ ያለው ሰው ነው ወይስ ባለፈው ዙር የተመረቀ ልጅ? አስተማሪው አሁን በሶፍትዌር ስራ ላይ ነው? በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ? ከሁሉም በላይ ግን፣ ኮዴን ማን ያነበዋል፣ አስተያየቱስ በስንት ቀን ይደርሰኛል? ይሄን ጥያቄ በዝርዝር መመለስ ያልቻለ ትምህርት ቤት የሚሸጥላችሁ ገለጻ ነው። የተመራቂዎችን ፕሮጀክት አሳዩኝ በሉ፣ ከተመራቂዎቹም ጥቂቱን ራሳችሁ አነጋግሩ። አንድ ተራ የትምህርት ቀን ገብታችሁ ተቀመጡ፣ እንግዳ መቀበያ ተብሎ የተዘጋጀውን ቀን አይደለም። በሦስት ወር ውስጥ ኤችቲኤምኤል፣ ጃቫስክሪፕት፣ ፓይተን፣ ፍላተር፣ ዳታ ሳይንስና ኤአይ እናስተምራለን የሚል ብሮሸር ካያችሁ ተጠንቀቁ፣ ይሄ ሁሉ በሦስት ወር አይገባም። "ስራ እናስቀጥራለን" ካሏችሁ ውሉ ላይ ይጻፍልኝ በሉ።

ሰርተፊኬቱን በተመለከተ ወላጆች ይሄን እወቁ። የግል ሶፍትዌር ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈትኑት የሰራችሁትን አይተውና ኮድ አጽፈው ነው። የመንግስት መስሪያ ቤት ደግሞ ዲግሪ ወይም በሲኦሲ (በሙያ ብቃት ምዘና) የተመዘነ ደረጃ ይጠይቃል። የአጭር ጊዜ ስልጠና ወረቀት በሁለቱም በር ብቻውን አያስገባም።

እኔ አጥብቄ የምመክረው ብቻ በመማርና ክፍል በመግባት መሃል ያለውን መንገድ ነው። በሰፈራችሁ ሦስት ወይም አራት ሆናችሁ አንድ ነጻ ኮርስ አብራችሁ ጀምሩ። የኮንዶሚኒየማችሁን ኮሙናል ለቅዳሜ ከሰዓት እንዲፈቅዱላችሁ የማህበሩን ኮሚቴ ጠይቁ። ከዚያ ተዋጥታችሁ ኮዳችሁን የሚያይላችሁ አንድ ባለሙያ ወይም ከፍ ያለ ዓመት ተማሪ በሰዓት ክፈሉ። ቱሉ ዲምቱና ቂሊንጦ አካባቢ ላላችሁ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጎረቤታችሁ ነው፣ ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሚማሩ ልጆች እዚያ አሉ። ለአራት የተከፈለ የሁለት ሰዓት እርማት ከክፍል ወርሃዊ ክፍያ ሊያንስ ይችላል። የምታገኙት ግን ትልቁን ነገር ነው፣ የሚያርማችሁን ሰው።

በቃ ክፍሉ ይሻለኛል ብላችሁ ከወሰናችሁ፣ ሙሉውን በአንዴ አትክፈሉ። በየወሩ ልክፈል በሉ፣ እምቢ ካሉ ቢያንስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ካቋረጥኩ ስንት ይመለስልኛል የሚለውን በጽሑፍ ያዙ። ለክፍያው ብላችሁ አትበደሩ። ስትከፍሉ በባንክ ወይም በቴሌብር በድርጅቱ ስም ይሁን እንጂ በግለሰብ ስም አይሁን፣ ደረሰኙንም ተቀብላችሁ ከውሉ ጋር አስቀምጡ።