ስትሮክ በመታው ሰው ልብ ውስጥ ያለችን ትንሽ ቀዳዳ በሳላይን አረፋ መፈለግ

ፅንስ በማኅፀን ሳለ በሁለቱ የላይኛው የልብ ክፍሎች መካከል ያለው መተላለፊያ ከልደት በኋላ ይደፈናል፤ ከአራት ሰዎች በአንዱ ገደማ ግን እንደ ገርበብ በር ሳይዘጋ ይቀራል። ብዙዎች ሳያውቁት ይኖራሉ፤ አልፎ አልፎ ግን የረጋ ደም በዚያ ሾልኮ አንጎል ይደርሳል።

ፍለጋው የሚካሄደው በትንንሽ አረፋ የተሞላ ሳላይን (ለሕክምና የተዘጋጀ ጨዋማ ውሃ) በደም ሥር ሰጥቶ፣ ልብን በኢኮ (በድምፅ ሞገድ በሚያሳይ መሣሪያ) በመመልከት ነው። በዋናነት የሚጠቅመው 60 ዓመት ላልሞላውና ሌላ መንስኤ ላልተገኘለት ታካሚ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የደም ግፊት፣ የልብ ምት መዛባት፣ በተለይም በአገራችን ወጣቶችን የሚጎዳው የሩማቲክ የልብ በሽታ ይጣራ።

ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚቀመጠው ቀጭን ቱቦ) በክንድ መታጠፊያ ላይ ይገባል። በደብረ ብርሃን የጠዋት ብርድ ደም ሥር ስለሚሸሸግ፣ ክንዱን በጋቢ ሸፍኖ ማሞቅ ደጋግሞ ከመውጋት ይሻላል። ከዚያ የሠለጠነ ባለሙያ 9 ሚሊ ሊትር ሳላይንና 1 ሚሊ ሊትር አየር በሁለት ሲሪንጆች መካከል እስኪደፈርስ ያመላልሳል፤ በዓይን የሚታይ አየር ፈጽሞ አይሰጥም። ተጠምዝዞ የሚታሰር ሲሪንጅ ብቻ ተጠቀሙ፤ ሌላው በግፊት ይነቀላል።

ውጤቱን የሚወስነው ማማጡ ነው። የግራው ግፊት ስለሚበልጥ በሩ ተገፍቶ ይዘጋል፤ ታካሚው አምጦ ሲለቅ ግን የቀኙ ለቅጽበት ይበልጥና ይከፈታል። «ትንፋሽ ያዝ» ማለት አይበቃም። መርፌው ሳይሰጥ በፊት «ሆድህን ወጥረህ አምጥ፣ በቃ ስልህ ልቀቅ» ብላችሁ አለማምዱት፤ ከመንዝ ለመጡ እናትም «እማማ፣ ያምጡ» ብላችሁ በራሳችሁ ሆድ አሳዩአቸው። አረፋው የቀኙን ክፍል ሲሞላ ይለቀቅ፤ የመካከሉ ግድግዳ ወደ ግራ ካልተለጠጠ ማማጡ ስላልበቃ ይደገም። ፊቱ የተጣመመ ታካሚ አየር በከንፈሩ ስለሚያመልጠው፣ ወይም ንግግር የማይገባው ከሆነ፣ ረዳት ሆዱን በእጁ ይጫንና በዚያው ጊዜ ይልቀቅ።

አረፋ የቀኙን ክፍል ከሞላ በኋላ በ3 የልብ ምት ውስጥ ወደ ግራ ከተሻገረ መተላለፊያው አለ ማለት ነው፤ ዘግይቶ ከመጣ በሳንባ ውስጥ ባለ ያልተለመደ የደም ሥር መገናኛ እንዳለፈ ይጠርጠር። ቪዲዮውን አዝግማችሁ ተመልከቱ። በዕረፍትም፣ በማማጥም፣ በማሳልም ይሞከር፤ አንድ ጊዜ አልታየም ብሎ መደምደም በሽተኛውን ይጎዳል።

ቀዳዳ መገኘቱ ብቻውን መንስኤነቱን አያረጋግጥም፤ የረጋ ደም እንዳለበት ለማወቅ የእግር ደም ሥርም ይታይ። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተሙ ጥናቶች በጥንቃቄ በተመረጡ ታካሚዎች ላይ ቀዳዳውን መዝጋት ዳግም ስትሮክን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ጥርጣሬው ከጸና ታካሚዎቹ ወደ አዲስ አበባ ለጉሮሮ ኢኮ (መሣሪያው በጉሮሮ ገብቶ ልብን ለሚያይበት ምርመራ) ይላካሉ፤ እዚያ የሚሰጠው ማደንዘዣ ማማጥን ስለሚያዳክም የእኛ ምርመራ ዋጋ አለው። በሪፈር ወረቀቱ ላይ «ኢኮ ኖርማል» ብቻ አይጻፍ፤ አረፋ መሰጠቱ፣ ስንት ጊዜ እንደተሰጠና ታካሚው በደንብ ማማጡ አብሮ ይስፈር።