በቤተሰብ መኪና ተሳቢ ስትጎትቱ የሚያጋጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

መካከለኛ ኤስዩቪ ትንሽ ጀልባ ወይም ቀላል ካራቫን መጎተት አያቅተውም። ከከባድ ፒክአፕ ጋር ሲወዳደር ግን አጭርና ቀላል ነው፤ ስለዚህ ተሳቢው በቀላሉ ያሸንፈዋል። ከታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ከክብደትና ከአጫጫን ነው። ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ተሳቢውን ከነጭነቱ አስመዝኑ።

ተሳቢው ግራና ቀኝ ይወዛወዛል

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው። በዝግታ ስትነዱ ጸጥ ያለው ተሳቢ ፍጥነት ስትጨምሩ መወዛወዝ ይጀምራል። ነፋስ፣ አጠገባችሁ የሚያልፍ ትልቅ መኪና ወይም ቁልቁለት ይቀሰቅሰዋል። ዋናው ምክንያት ግን ብዙውን ጊዜ ጭነቱ ወደ ኋላ ማጋደሉ ነው።

የተሳቢው መጎተቻ ዘንግ የመኪናውን ኳስ (ከመኪናው ኋላ ተሳቢው የሚያያዝበትን ክብ ብረት) ወደ ታች መጫን አለበት። በሰሜን አሜሪካ የሚመከረው ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። 1,500 ኪሎ ለሚመዝን ተሳቢ ከ150 እስከ 225 ኪሎ ማለት ነው። በአውሮፓ የሚፈቀደው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ የመኪናችሁና የተሳቢያችሁ መመሪያ የሚለውን ያዙ። ለትንሽ ተሳቢ የቤት ሚዛን ይበቃል። ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙት፣ ጎማዎቹን በታኮ ያዙ፣ ከሚዛኑ ላይ እንጨት ደርባችሁ ዘንጉን በኳሱ ከፍታ ልክ አሳርፉት።

ክብደቱ ከሚፈለገው ካነሰ ጭነቱን አስተካክሉ። ወደ 60 በመቶ የሚሆነው ከአክሱ ፊት ይሁን። ከባዱ ዕቃ ወለሉ ላይ፣ ከአክሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ይቀመጥና በደንብ ይታሰር። መወዛወዝ የሚቀንሱ መሣሪያዎች ይሸጣሉ፣ ጥሩም ናቸው፤ የተበላሸ አጫጫን ግን አያድኑም።

መንገድ ላይ ሳላችሁ ከጀመረስ? እግራችሁን ከነዳጅ ላይ አንሱ። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ። እየተከተላችሁ ግራ ቀኝ አትበሉ፣ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ፣ «ፍጥነት ልጨምርና ላቃናው» ብላችሁም አታስቡ። የተሳቢውን ፍሬን ለብቻው የሚይዝ መቆጣጠሪያ ካላችሁ ቀስ አድርጋችሁ ተጠቀሙበት። ሲረጋጋ ዳር ይዛችሁ ቁሙና ጭነቱን አስተካክሉ። እንደነበረ መቀጠል የለም።

የመኪናው ኋላ ቁጭ፣ ፊቱ ቀና ይላል

መሪው ይቀላል፣ የፊት ጎማ መንገድ አይቆነጥጥም፣ መብራታችሁ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ዓይን ይወጋል። ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈውን የመጎተት አቅም ያያሉ፤ መኪናው ራሱ ላይ ስለሚጫነው ክብደት አያስቡም። ኳሱን የሚጫነው ክብደት ግን መኪናው ላይ እንደተጫነ ዕቃ ይቆጠራል። ለምሳሌ መኪናው የሚሸከመው 600 ኪሎ ነው እንበል። ኳሱ ላይ 180፣ ለአምስት ሰው 375 ስታስቡ የቀረው 45 ኪሎ ብቻ ነው። ሻንጣውስ?

መፍትሄው ከመኪናው ዕቃ መቀነስ ነው። ክብደቱን ወደ ፊት ጎማዎች የሚመልስ ማያያዣም አለ፤ አንዳንድ አምራቾች ግን ስለማይፈቅዱት መመሪያውን እዩ። ኋላ የሚገጠም የአየር ሞላ መኪናውን ቀና ያደርገዋል እንጂ ፊቱ ያጣውን ክብደት አይመልስም።

ዳገት ላይ ሙቀት ይጨምራል

የሚጎዳው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ የአውቶማቲክ ካምቢዮው ዘይትም ይግላል። የመጎተቻ ሞድ ካለ አብሩት፣ ፍጥነት ቀንሱ፣ ኤሲ አጥፉ። ካልበረደ ቁሙ። ደጋግሞ ከመጣ ዘይቱን አስቀይሩ፣ የካምቢዮ ዘይት ማቀዝቀዣም አስገጥሙ።

ቁልቁለት ላይ ፍሬን ይሸታል፣ ይላላል

ፍሬኑ ግሏል። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ወደ ዝቅተኛ ማርሽ ውረዱ። ፍሬኑን ረግጣችሁ አትቆዩ፤ ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነት ቀንሱና ልቀቁት። ፍሬን ስትይዙ ተሳቢው ከኋላ ከገፋችሁ የራሱ ፍሬን እየሠራ አይደለም፣ ወይም መቆጣጠሪያው ዝቅ ብሏል። የተሳቢው ጎማ ድርቅ ብሎ ከተንሸራተተ ደግሞ በዝቷል። ባዶ ሜዳ ላይ በዝግታ እየሞከራችሁ አስተካክሉት። በአውሮፓ ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕጉ ያስገድዳል።

አንዱ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት መሃል) ከሌላው ይበልጥ ይግላል

ኩሽኔታው ደርቋል ወይም ፍሬኑ ይዟል። መጀመሪያ በቆማችሁበት ቦታ እጃችሁን አስጠግታችሁ ሁሉንም አወዳድሩ። የጀልባ ተሳቢ ከሆነ ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ይብረድ፤ የጋለ ሞዞ በድንገት ሲበርድ ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል።

መብራቱ ይደበዝዛል፣ ፍሬቻ ሲበራ ሌላውም አብሮ ይበራል

አብዛኛውን ጊዜ ማሳው (ኤሌክትሪኩ በብረቱ የሚመለስበት መስመር) ነው። ገመዱ ከብረቱ የሚገናኝበትን ቦታ ፍቃችሁ አጥብቁት።

ማያያዣው ይንኳኳል

ኳሱ አንሶ ይሆናል። 47.6 ሚሊ ሜትር ኳስ ለ50 ሚሊ ሜትር በተሠራ ማያያዣ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ጉብታ ላይ ግን ሊወጣ ይችላል። ኳሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ከማያያዣው ጋር አመሳክሩ። ከቆለፋችሁ በኋላ ዘንጉን በተሳቢው ክሪክ ትንሽ አንሱት። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል። የደህንነት ሰንሰለቶቹን ከዘንጉ ሥር አጠላልፉ። ተሳቢው ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚይዘውን ገመድ ደግሞ ከሰንሰለቱ ጋር ሳይሆን መኪናው ላይ ለብቻው እሰሩት።