የዘጠነኛ ክፍል ደብተር ለቆሎ መጠቅለያ አይሰጥ

ጅማ ላይ ዘጠነኛና አስረኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁ፣ ሰኔ ላይ ደብተሩን አትጣሉት። የ12ኛ ክፍል ፈተና የታች ክፍሎችን ትምህርትም ይነካል፤ ማለፊያው ደግሞ 50 በመቶ ነው። የጅማ ዝናብ ወረቀት አይምርም፤ በፌስታል ጠቅልላችሁ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጡት።

ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ስሌቱን እያወቀ ጥያቄው የማይገባው ጎበዝ ልጅ ሞልቷል። ስለዚህ ትንሽዬ ማስታወሻ ይያዝ። ከባዮሎጂና ከፊዚክስ መጽሐፉ ያልገባውን ቃል ከነዓረፍተ ነገሩ ይገልብጥ፤ በቀን አምስት ይበቃዋል። ቃሉን ብቻ ነጥሎ መሸምደድ ግን ብዙም አይጠቅም።

ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ የሚለው ምርጫ 11ኛ ላይ ይመጣል። ጓደኛውን ተከትሎ እንዳይገባ ከአሁኑ አዋሩት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ዘመድ ካላችሁማ፣ እሁድ ቡና ጠርታችሁ አገናኟቸው።