ሀገር በቀልና መጤ ዛፎችን አደባልቆ በማጥናት ሥራ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባሕር ዛፍ በዳግማዊ አጼ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ የእንጦጦን ተዳፋት ሸፍኖ ኖሯል። ዛሬ በመካከሉ የሐበሻ ጽድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ዝግባ እየተተከለ በመሆኑ፣ ሀገር በቀሉ ከመጤው ጋር ሲደባለቅ የደኑ እድገት ይጨምር ወይም ይቀንስ እንደሆነ ለማወቅ የሚነሱ ወጣት ተመራማሪዎች በርክተዋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን አንድ ስህተት ብቻውን የብዙዎችን የዓመታት ድካም ከንቱ ሲያደርግ ደጋግሜ ስላየሁ፣ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ይህ ስህተት ቅይጡን ከባሕር ዛፍ ጋር ብቻ ማወዳደርና ሀገር በቀሉ ለብቻው የቆመበትን ፕሎት (ለጥናት ተለክቶ የተከለለ ቁራሽ መሬት) መተው ነው። ምክንያቱ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ጽድ ቀስ ብሎ እንደሚያድግ እናውቃለን፤ መሬት ለምን እናባክናለን?» ይባላል። በ2.5 ሜትር ርቀት የተተከለ አንድ ሄክታር 1,600 ችግኝ ይይዛል፤ እኩል በእኩል የተቀየጠው ደግሞ 800 ባሕር ዛፍና 800 ጽድ ይኖረዋል። ለምሳሌ ያህል ባሕር ዛፍ ለብቻው 200፣ ጽድ ለብቻው 40፣ ቅይጡ 150 ሜትር ኩብ እንጨት ሰጡ እንበል። ጽዱን ለብቻው ያልተከለ ሰው 200ን ከ150 ጋር አስተያይቶ «መደባለቅ እድገትን ይቀንሳል» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱን ነጠላ ፕሎቶች የያዘ ሰው ግን ዛፎቹ አንዱ በሌላው ላይ ምንም ተጽዕኖ ባያደርጉ ኖሮ ቅይጡ የሁለቱን አማካይ፣ ማለትም 120 ብቻ ይሰጥ እንደነበር ያያል፤ ስለዚህ 30 ሜትር ኩብ የመደባለቁ ትርፍ ነው። አንዱ ፕሎት በመጉደሉ ድምዳሜው ተገለበጠ ማለት ነው። በቅይጡ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ባሕር ዛፍ ወፍሮ መታየቱም ማስረጃ አይሆንም፤ ጽድ ደካማ ተሻሚ በመሆኑ ጎረቤቱ ሰፊ ቦታ አግኝቶ ሊሆን ይችላል። በሄክታር የሚገኘውን ድምር ተመልከቱ። በቆመ ባሕር ዛፍ መሃል ጽድ ጨምሮ ውጤቱን ካልተጨመረበት ጋር ማወዳደርም የዛፉን ብዛት ከመደባለቁ ጋር ማምታታት ነው።

አንድ የማስተርስ ተማሪ ሥራውን እንዳይለት ወደ እንጦጦ ወስዶኝ ነበር። ቅይጡ ከወንዙ አጠገብ፣ ነጠላው ባሕር ዛፍ ደግሞ ከላይ ከሸንተረሩ ላይ ነበር። ብንቆፍር ከታች ክንድ ሙሉ ገብቶ የማያልቅ ቀይ አፈር፣ ከላይ ስንዝር ሳይሞላ ድንጋይ አገኘን። ልጁ ትጉህ ነበርና በጣም አዘንኩ፤ የለካው የአፈሩን ልዩነት ነበር። ተዳፋት ላይ ሁሉም ዓይነት ፕሎት በየከፍታው ብሎክ፣ ማለትም አፈሩ ተመሳሳይ በሆነ የፕሎቶች ስብስብ ውስጥ መደገም አለበት።

ከጉቶ ያቆጠቆጠን ባሕር ዛፍ ከአዲስ ችግኝ ጋር አታወዳድሩ። በእንጦጦ ያለው ብዙው ተቆርጦ የበቀለ ነው፤ ሥሩ የአሥርተ ዓመታት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

በመዝገብ ላይ «ጽድ» ብቻ ብሎ መጻፍ ይቅር፤ የሐበሻ ጽድ ሀገር በቀል፣ የፈረንጅ ጽድ መጤ ነው። የሞቱ ችግኞችንም ከስሌቱ አታውጡ።

የራሴን ስህተትም ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት የግንዱን ውፍረት በነሐሴ ለካሁ፤ ሁለተኛውን ልኬት በመጋቢት ወሰድኩ፤ አንዳንድ ዛፎች ቀጥነው ተገኙ። ግንድ በክረምት ውሃ ጠግቦ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ነጭ ባሕር ዛፍ ደግሞ ቅርፊቱን በረጃጅሙ እየላጠ ይጥላል። የጽድ የዓመት እድገት ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሆነ እንዲህ ያለው ስህተት ሙሉ በሙሉ ይውጠዋል። በየዓመቱ በዚያው ወር፣ በ1.3 ሜትር ከፍታ ቀለም በተቀባበት ቦታ፣ የተንጠለጠለውን ቅርፊት አንስታችሁ ለኩ።

በአውስትራሊያ ቪክቶሪያ፣ ካን ሪቨር በተባለ ቦታ፣ ነጭ ባሕር ዛፍ ከአንድ የግራር ወገን ጋር እኩል በእኩል ተተክሎ በ11 ዓመቱ ከነጠላው ባሕር ዛፍ እጥፍ ያህል ከምድር በላይ ክብደት ማስገኘቱን ብዙዎች ይጠቅሳሉ። ግራሩ ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ አፈሩን ያበለጽጋል፤ ጽድና ወይራ ይህን አያደርጉም። ያንን ውጤት ለእነርሱ መስጠት ትክክል አይደለም።

በመጨረሻ፣ ደኑ ውስጥ የሚውሉትን ሰዎች ሳይጠይቁ መጀመር አለ። በአንድ ፕሎት የረገፈው ቅጠል ለምን እንደሳሳ ሳስብ ወራት ከፈጀሁ በኋላ ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት አገኘሁ። «እማማ፣ ከዚህ ቅጠል ይወስዳሉ?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ፣ ከዚህኛው ነው የምንጠርገው፤ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለምጣድ ቶሎ ይነዳል። ጽዱ ያለበትን አንነካውም» አሉኝ። ስለ ቅጠል መበስበስ የጻፍኩትን ምዕራፍ በሙሉ ሰረዝኩት። ከዚያ ወዲህ ቅጠል የሚጠረግባቸውን ፕሎቶችና ቀኖች ከዛፎቹ ልኬት ጎን እመዘግባለሁ።