ወደ አምፕሊፋየር የሚገባውን የሬዲዮ ሞገድ ማጣራት

አምፕሊፋየሩ ማንም ሳይናገር የሬዲዮ ጣቢያ ወሬ የሚያሰማ፣ ወይም አጠገቡ ያለው ስልክ ሊጠራ ሲል «ድድድት ድድድት» የሚል ከሆነ፣ ገመዱ እንደ አንቴና ሞገድ እየተቀበለ ነው። የመጀመሪያው ትራንዚስተር እንደ ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እንደሚያሳልፍ ዕቃ ሆኖ ድምፁን ከሞገዱ ገፎ ያወጣዋል፤ ከዚያ ወዲያ የጣቢያውና የተናጋሪው ድምፅ አንድ ላይ ስለሚጓዙ፣ ባስና ትሬብል ቢያዞሩ የሚለያቸው የለም። ማጣሪያው ከትራንዚስተሩ በፊት፣ በሩ ላይ መቆም አለበት።

በሩ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ይለይ። የመግቢያው ገመድ ሲነቀል ጩኸቱ ከጠፋ የገባው በእሱ ነው፤ ቮልዩሙ ዜሮ ላይ ሆኖም ከቀጠለ ግን የስፒከሩ ወይም የመብራቱ ገመድ ስለሚጠረጠር፣ እዚያ ላይ ፌራይት ቀለበት (የሬዲዮ ሞገድን የሚያፍን የማግኔትነት ባሕርይ ያለው ቀለበት) ይሞከራል። ገመዱ በቀለበቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ ቢያልፍ ኢንዳክታንሱ (ፈጣን ሞገድን የመግታት አቅሙ) አንድ ጊዜ ከማለፉ 9 እጥፍ ያህል ይሆናል።

ሳጥኑ ከመከፈቱ በፊት መብራቱ ይነቀላል፤ ትልልቆቹ ካፓሲተሮች እስኪራገፉም ይጠበቃል። ከኮምፒውተር ለሚመጣ ሲግናል፣ በሲግናሉ ሽቦ ላይ የ1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በተከታታይ ይገባና፣ ከሬዚስተሩ ወዲያ የ220 ፒኮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ወደ ብረት ሳጥኑ ይወርዳል። ይህ ጥንድ መቁረጥ የሚጀምረው ከ720 ኪሎኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ ጆሮ የሚሰማው እስከ 20 ኪሎኸርዝ ድረስ በመሆኑ ሙዚቃውን አይነካም። የሚረብሸው የመካከለኛ ሞገድ ጣቢያ ከሆነ ካፓሲተሩን 1000 ፒኮፋራድ ማድረግ ይበጃል፤ ያኔ ቁርጡ ወደ 160 ኪሎኸርዝ ይወርዳል። ለማይክሮፎን ግን 1 ኪሎ ኦም ራሱ «ሽሽሽ» የሚል ድምፅ ስለሚጨምር፣ ከ100 ኦም ባይበልጥ እመርጣለሁ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቦታው ነው። እኔም አንድ ጊዜ ካፓሲተሩን ከጃኩ (ገመዱ ከሚሰካበት ቀዳዳ) 8 ሳንቲሜትር ርቆ ቦርዱ ላይ በየድኩት፤ ጩኸቱ ንቅንቅ አላለም። እግሮቹን አሳጥሬ ጃኩ ሥር ስበይደው ጠፋ። በስልክ ሞገድ ላይ አንድ ሳንቲሜትር የካፓሲተር እግር ራሱ እንደ መጠምጠሚያ ሆኖ መንገዱን ይዘጋልና። የገመዱ የውጭ ጥልፍ ሽቦም በዚያው በጃኩ ላይ ከብረት ሳጥኑ ጋር ይገናኝ፤ ወደ ቦርዱ መሬት (የቦርዱ የጋራ ዜሮ ቮልት መስመር) ዞሮ ከሄደ ሞገዱን ይዞ ውስጥ ይገባል።

ሥራው ሲያበቃ ስልክ ከገመዱ አጠገብ አስቀምጦ በሌላ ስልክ መደወል ነው፤ ቮልዩሙ ከፍ ብሎም ዝም ካለ ሳጥኑ ይዘጋል።