ክራር፣ ከበሮና ዋሽንት በባለ አራት ትራክ ካሴት እንዴት ይቀዳል?

በተራ ካሴት ላይ አራት ትራክ (ጎን ለጎን ሆነው ለየብቻ የሚቀዱ የድምፅ መስመሮች) የሚቀዳ የመጀመሪያው መሣሪያ የታስካም ፖርታስተዲዮ 144 ነው፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ወጣ። ድምፆቹን የሚቀላቅለው ሚክሰርና መቅጃው በአንድ ሳጥን ውስጥ ናቸው። ዛሬም አሮጌ ባለ አራት ትራክ ያገኘ ሰው ጥሩ ሙዚቃ ሊቀዳበት ይችላል፤ ግን ማን ቀድሞ እንደሚቀዳና የት ትራክ ላይ እንደሚቀመጥ ከመጀመሩ በፊት መወሰን አለበት።

ካሴቱና ጽዳቱ

ባለ 60 ደቂቃ ክሮም ካሴት ግዙ። የባለ 90ው ክር ስስ ስለሆነ ቶሎ ይለጠጣል። አራቱ ትራኮች የሁለቱንም ገጽ ቦታ ስለሚይዙ ካሴቱን መገልበጥ አይቻልም። 144ቱ ደግሞ በእጥፍ ፍጥነት ስለሚሮጥ የምታገኙት 15 ደቂቃ ብቻ ነው።

ሄዱን፣ ማለትም ክሩ እየተነካው የሚያልፈውን መቅጃና ማንበቢያ ብረት፣ እንዲሁም ክሩን የሚጎትተውን ዘንግ በአይሶፕሮፒል አልኮል በነከራችሁት የጆሮ ማጽጃ ጥጥ ጥረጉ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ መውጣቱን እስኪተው ድረስ ደጋግሙት። አረቄ አይሆንም፤ ውሃ አለበት።

ቅኝት

የፍጥነት ማስተካከያውን መሃል ላይ አድርጉትና እስከ መጨረሻው አትንኩት። ፍጥነቱ ከተቀየረ ቅኝቱም አብሮ ይቀየራል። ክራርና ማሲንቆ እንደገና ይቃኛሉ፤ ዋሽንት ግን እንደተቦረቦረ ነው፤ ነፊዎች የተለያየ ርዝመት ያላቸውን ዋሽንቶች ይዘው የሚዞሩት ለዚህ ነው። ስለዚህ ዋሽንቱ የሚቀዳው መጨረሻ ላይ ቢሆንም ክራሩ ገና ከመነሻው በእሱ ይቃኝ።

የድምፅ መጠን

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፌደሩን (ተንሸራታቹን የድምፅ ማስተካከያ) ምልክት የተደረገበት ቦታ ላይ አቁሙ፤ ከዚያ ተጫዋቹ የዘፈኑን በጣም ሞቅ ያለ ክፍል እየተጫወተ ጌይኑን (የሚገባውን ድምፅ ማጉያ) ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። «እስቲ ሞክር» ሲባል ሁሉም በጨዋነት ነው የሚመታው፤ መቅዳት ሲጀመር ግን ይግላል። ትንሽ ቦታ ተዉለት።

ለድምፃዊና ለማሲንቆ የድምፅ መለኪያው መርፌ ዜሮ አካባቢ ቢመላለስ፣ አልፎ አልፎም ቀይ ቢነካ ችግር የለውም። ከበሮ ግን ሌላ ነው። ምቱ ድንገት መጥቶ ስለሚያልፍ መርፌው አይደርስበትም፤ ዜሮን ሲያሳይ ቴፑ ላይ የሚያርፈው ድምፅ ከዚያ በጣም ይበልጣል። ከበሮውን ከዜሮ በታች 6 ዴሲቤል አካባቢ ቅዱት። ክራርም በመግረፊያ ሲመታ እንደዚሁ ነው። ማይኩን ከክራሩ ሳጥን አንድ ስንዝር ያህል አርቁት፤ በጣም ከቀረበ የጅማቱ ድምፅ በሳጥኑ ጉምጉምታ ይዋጣል።

አቀዳዱ

ከበሮን በትራክ 1፣ ቤዝን በ2፣ ክራርን በ3 ቅዱ። በየተራ ሲቀዳ ቀጣዩ ተጫዋች የቀደመውን በሄድፎን እየሰማ ይጫወታል። በስፒከር ከሰማ ማይኩ ያንኑ ድምፅ መልሶ ይለቅመዋል።

አሁን የቀራችሁ አንድ ትራክ ነው፤ ሦስቱን በእሱ ላይ ቀላቅላችሁ ስትገለብጡ የእነሱ ትራኮች ለሌላ ይለቀቃሉ። የሦስቱን ቻናሎች መምረጫ ከማይክ ወደ ቴፕ አዙሩ፣ ወደ ትራክ 4 ላኳቸው፣ የመቅጃ ቁልፉንም ለ4 ብቻ ክፈቱ። ሦስቱ ወደ አንዱ ሲገለበጡ በአራተኛው ቻናል ማይክ ጭብጨባ በቀጥታ ጨምሩበት፤ ትራክ ሳያባክን ይገባል። ሲገለበጥ ቀጭኑ ድምፅ ስለሚቀንስ የክራሩን ትሬብል ከሚመቻችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ቤዙን ግን ቆጠብ አድርጉት፤ አንዴ ከተቀላቀለ ለብቻው ዝቅ ማድረግ አይቻልም።

ትራክ 4ን ብቻውን፣ ቢቻል በሌላ ስፒከርም ስሙት። ካልጣማችሁ እንደገና ገልብጡ፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ገና አልጠፉም። ስትረኩ ብቻ በላያቸው ላይ ቅዱ። ድምፃዊውን ከመሃለኞቹ በአንዱ፣ በ2 ወይም በ3፣ አድርጉት፤ የክሩ ጠርዝ ቶሎ ይጎዳል። የቀሩት ሁለቱ ለዋሽንቱና ለተቀባዮቹ ይሆናሉ።

ለመጨረሻው ቅልቅል ከሚክሰሩ መውጫ ወደ ሌላ መቅጃ ወይም ኮምፒውተር አገናኙ። ትራክ 4ንና ድምፃዊውን መሃል፣ ዋሽንቱን ወደ ግራ፣ ተቀባዮቹን ወደ ቀኝ አድርጉ። ኤኮ የሚጨመረው አሁን ነው።

ካሴቱን ስታወጡ በየትኛው ትራክ ምን እንዳለ፣ ዲቢኤክስ የሚባለው የሽሽታ መቀነሻም በርቶ ይሁን ጠፍቶ መቀዳቱን ወረቀቱ ላይ ጻፉ፤ ሲሰማም እንደተቀዳው መሆን አለበት። ጀርባው ላይ ያሉትን ሁለት ፕላስቲኮችም ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም በስህተት አይቀዳበትም።